ሁሌ የሚጎዳውና ሁሌ መጨረሻ የምትወጣዋ፦ ላሰናብታቸው ወይስ ላቆያቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ የትምህርት ቤታችንን የሩጫ ቡድን አሠለጥናለሁ። ወደ ሠላሳ ልጆች አሉኝ፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16። ሁለቱ አስቸግረውኛል። አንዱ ልጅ መሮጥ ይችላል ግን አይበረክትም። ቅልጥሜን አመመኝ ይላል፣ ሁለት ሳምንት ያርፋል፣ ተመልሶ ደግሞ ጉልበቴን ይላል። ባልደረቦቼ «ብርጭቆ ነው፣ ጊዜህን አታጥፋ» ይሉኛል። ሌላዋ ልምምድ ቀርታ አታውቅም፤ ግን ሁሌ የመጨረሻዋ ናት፣ ያውም በብዙ ርቀት። ሌሎቹ እሷን ሲጠብቁ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፣ ይነጫነጫሉም። እሷ ደግሞ «ውድድር መቼ ነው የምትወስደኝ?» እያለች ትጠይቀኛለች። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ባሰናብታቸው ሥራዬ ይቀልልኛል፣ ግን ሕሊናዬ እሺ አላለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታሰናብታቸው። ግን እንዳሉም አታስቀጥላቸው። ከጻፍከው እንደተረዳሁት የሁለቱም ችግር የሚጀምረው አንድ ቦታ ነው፦ ሠላሳ ልጅ በአንድ ፊሽካ አስነስተህ በአንድ ፍጥነት ታስሮጣለህ።

እስቲ አስበው። ለፈጣኑ ልጅ ቀላል ሶምሶማ የሆነው ሩጫ ለመካከለኛው ጠንካራ ልምምድ ነው። ለመጨረሻዋ ደግሞ ውድድር ነው። በሳምንት አራት ቀን የምትገናኙ ከሆነ እሷ በሳምንት አራት ጊዜ ትወዳደራለች ማለት ነው፤ ይህንን ደግሞ ስም ያለው ሯጭ እንኳ አይሞክረውም። ያ «የማይበረክት» ያልከው ልጅም ከፊተኞቹ ላለመለየት ሲል በየቀኑ ከአቅሙ በላይ እየሮጠ ሊሆን ይችላል።

ኢንተርቫል፣ ማለትም በእረፍት እየተቆራረጠ የሚደጋገም ፈጣን ሩጫ ላይ ይብሳል። ስድስት ጊዜ 400 ሜትር አዘዝክ እንበል። ፈጣኑ በ75 ሰከንድ ይገባል፣ እሷ በ110 ትገባለች። አንተ ሁሉም ከገባ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቀህ «ተነሱ!» ትላለህ። ፈጣኑ 95 ሰከንድ አርፏል፣ እሷ 60። ብዙ እረፍት የሚያስፈልጋት ልጅ ትንሹን እረፍት አገኘች፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዙር ጭራሽ ስትቀር «አቅም የላትም» ተባለ። ይህ በየትምህርት ቤቱ የሚደረግ ነገር ነው፣ ማንም ልብ አይለውም።

መላው ቀላል ነው። ቀላል ሩጫን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ እዘዝ። «30 ደቂቃ» በላቸው። ሁሉም አጠገቡ ካለው ልጅ ጋር እያወራ መሮጥ በሚችልበት ልክ ይሂድ፤ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ፈጥኗል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ሁሉም ባለበት ይዙር። አሁን እሷ ፊት ናት፣ ፈጣኖቹ ከኋላ ናቸው፣ ማንም ፍጥነቱን ካልለወጠ ደግሞ ሁሉም መነሻው ላይ የሚደርሱት በአንድ ጊዜ ነው። ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። የነጭናጮቹም አፍ ይዘጋል። ኢንተርቫል ላይ ደግሞ የእሷን እረፍት ከራሷ መግቢያ ቁጠርላት፣ ወይም ሌሎቹ ስድስት ሲሮጡ እሷ አራት ትሩጥ። ይህ ማዳላት አይደለም፤ ለሁሉም እኩል የሚከብድ ልምምድ ሰጠህ ማለት ነው።

ወደ ልጁ ልምጣ። በቅርቡ ተመዟል? ቁመቱን ማለቴ ነው። ቁመት በፍጥነት የሚጨምርበት ወቅት ለሴቶች 12 ዓመት አካባቢ፣ ለወንዶች 14 አካባቢ ነው፤ ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይገባበታል። በዚህ ጊዜ አጥንት መጀመሪያ ይረዝማል፣ ጥንካሬው ቆይቶ ነው የሚከተለው። የጭን ጡንቻ በጅማት በኩል ከጉልበት በታች የሚያያዝበት ቦታም ገና አልጠነከረም፣ ስለዚህ በሩጫና በዝላይ ይጎተታል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። «ጉልበቴን» የሚልህ ይህንን ሊሆን ይችላል። የልጆችህን ቁመት በየሦስት ወሩ ለካና ጻፍ። ድንገት የተመዘዘውን ልጅ ለጥቂት ወራት ዝላይና የፍጥነት ልምምድ ቀንስለት። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች በሰውነታቸው የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው እንደሚችል ካልገባህ አንዱን ጀግና ሌላውን ብርጭቆ ትላለህ።

የቅልጥም ሕመምን ደግሞ መለየት አለብህ። ሐኪም ሁን እያልኩህ አይደለም፣ ግን የትኛውን ይዘህ ወደ ሐኪም እንደምትሮጥ ማወቅ የአንተ ሥራ ነው። ሕመሙ በቅልጥሙ ውስጠኛ ጎን ርዝመቱን ተከትሎ የተዘረጋ ከሆነና ሲያሟሙቅ የሚቀልለው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከልምምድ ብዛት የመጣ የአጥንት ሽፋን መቆጣት ነው። ልምምዱን ቀንሰህ ትከታተለዋለህ። ግን በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብሎ የሚያሳይህ ከሆነ፣ እየሮጠ በሄደ ቁጥር የሚብስበት ከሆነ፣ በዚያ እግሩ ብቻ ሲዘል የሚያመው ከሆነ ወይም ሌሊት ተኝቶ የሚሰማው ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቀን ሩጫ ያበቃል። አንድ ነገር ልብ በል፦ እንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ኤክስሬይ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። «ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ይሮጣል» ማለት አይሠራም፤ ኤም አር አይ ነው ቶሎ የሚያሳየው። ብሽሽቱን የሚያመው ሯጭ ካለህ ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቅ። የጭን አጥንት አንገት ተሰንጥቆ ቢሆን፣ ሮጦበት ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ቀዶ ጥገና ውስጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ ማወቅህ ግን ልጁ እውነቱን ካልነገረህ ምንም አይጠቅምህም። እኔ ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ይህንን ነው። ልጅ ሕመሙን የሚደብቀው ስለማያምንህ አይደለም፣ ሲናገር የሚያጣው ነገር ስላለ ነው። ቡድን ውስጥ ያለውን ቦታ ያጣል። በጓደኞቹ ፊት «እንደገና?» ይባላል። ወይም አንተ ራስህ ፊትህ ይለወጣል፣ እሱም ያየዋል። ሁለት ጊዜ ተናግሮ ሁለት ጊዜ ከተቀጣ በሦስተኛው ዝም ይላል፣ በአራተኛው እያነከሰ ታየዋለህ። ያን ጊዜ ሦስት ቀን እረፍት ይበቃው የነበረ ነገር ሦስት ወር ይፈጃል።

ስለዚህ መናገርን አርክስለት። ከማሟሟቂያ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው አልፈህ «ዛሬ የሚያምህ አለ?» በል፤ ሁሉንም አሰልፈህ «የታመመ እጁን ያውጣ» ብትል ማንም አያወጣም። ቶሎ የተናገረ ልጅ ቦታውን እንደማያጣ አስቀድመህ ለሁሉም ንገር፣ ከዚያም ቃልህን ጠብቅ። እያነከሰ የጨረሰን ልጅ በጭብጨባ አትቀበል። አንድ ቀን እንዲህ ካጨበጨብክ የሚቀጥሉት አሥር ልጆች እንደዚያ ይሮጡልሃል።

የተጎዳውን ልጅ ቤቱ አትላከው። ቦርሳ ጠባቂም አታድርገው! በሰዓቱ ይምጣ፣ ከቡድኑ ጋር ያሟሙቅ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ብስክሌት ወይም ዋና ይሥራ፣ የዳሌና የባት ጡንቻውን ያጠንክር። የራሱ ፕሮግራም ይኑረው። ከቡድኑ ተለይቶ የከረመ ልጅ ለመመለስ ይቸኩላል፤ ቸኩሎ የተመለሰ ደግሞ እንደገና ይጎዳል። ለአዲስ ጉዳት ትልቁ ጠቋሚ የቀድሞ ጉዳት እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። ብርጭቆ የተባለው ልጅህ ምናልባት አንዱ ጉዳት ሳይድን ሌላው የሚጀምርበት ልጅ ነው፤ ቅልጥሙን እያስታመመ ሲሮጥ ጭነቱ ወደ ጉልበቱ ይሄዳል።

መመለሻው በቀን መቁጠሪያ አይሁን። «ሁለት ሳምንት ሞላው» መለኪያ አይደለም። በመጀመሪያ ያለ ሕመም 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ። ከዚያ አንድ ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ። ከዚያ ሳያቋርጥ ይሩጥ፣ ግን በየሁለት ቀኑ። ፍጥነት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው አይጨምሩ። ልምምዱ ላይ ወይም በማግስቱ ጠዋት ካመመው አንድ ደረጃ ወደኋላ ይመለስ። በየሳምንቱ ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር የሚለውን ሕግ ሰምተህ ይሆናል። መጥፎ ልማድ አይደለም፣ ግን ተአምርም አይጠበቅበትም። በ2008 በታተመ የሆላንድ ጥናት ከ500 በላይ ጀማሪ ሯጮች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ቀስ በቀስ ሌላው በተለመደው ፕሮግራም ሲለማመዱ ከሁለቱም ወገን በግምት ከአምስት አንዱ ነው የተጎዳው። ቁጥሩን ሳይሆን ልጁን ተከታተል። እረፍትንም አትርሳ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች በሳምንት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን እንዲያርፉ፣ ከሚያዘወትሩት ስፖርት ደግሞ በዓመት በድምሩ ሦስት ወር፣ አንዳንድ ወር እየተከፋፈለም ቢሆን፣ እንዲለዩ ይመክራል።

ስለ ልጅቷ የቀረኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ዝግታዋ ሁሌም የነበረ ነው ወይስ በቅርብ የመጣ? ድንገት ከወረደች፣ ቶሎ ቶሎ የምትደክም ከሆነ፣ ከሩጫ በኋላ ደረቷ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ወይም የሚያስላት ከሆነ ሐኪም ይያት። የብረት ማዕድን እጥረትና በሩጫ የሚነሳ አስም በወጣት ሯጮች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ያለ ደም ምርመራ ግን «የብረት ኪኒን ዋጪ» እንዳትላት።

ጤነኛ ሆና ዝም ብላ ዝግተኛ ከሆነችም ምንም አይደል። መለኪያዋ የራሷ ሰዓት ይሁን። በወር አንዴ ያንኑ ርቀት በዚያው ሜዳ አስሩጣት፣ ጻፍላት፣ ቁጥሩን ለእሷ ብቻ አሳያት። ውድድሩን በተመለከተ አትዋሻት። ለሁሉም ክፍት የሆነ ውድድር ካለ ውሰዳት። ቦታው የተወሰነ ከሆነ መሥፈርቱን ከወራት በፊት ጽፈህ ለጥፍ፤ «እናያለን» እያልክ አታንከላውሳት። ስትገባ ሁሉም ተሰልፎ የሚያጨበጭብላትን ነገር ደግሞ ተጠንቀቅ። አንዳንዱ ልጅ ይወደዋል፣ ሌላው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ጠይቃት።

ሁሌ መጨረሻ የምትወጣዋ ልጅ ለቡድኑ ምን ትጠቅማለች ለሚልህ ባልደረባም መልስ አለህ። ለምሳሌ በአሜሪካ የትምህርት ቤት አገር አቋራጭ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው በሰባት ሰው ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ደረጃ ይደመራል፣ ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። አምስተኛው ልጅህ ከአንደኛው እኩል ይቆጠራል። አንዱ ቢጎዳ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ የሚሆነው ከየት ይመጣል? ከኋላ ካቆየሃቸው ልጆች ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ባይሆንም አቆያት እልህ ነበር። የትምህርት ቤት ቡድን ነው የያዝከው፣ ብሔራዊ ቡድን አይደለም።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ተረከዙን ያመዋል። ከልምምድ ሲመጣ እያነከሰ ነው፤ ጠዋት ይሻለዋል። አሠልጣኙን ሳነጋግራቸው «ሕመም ያጠነክረዋል፣ አታሞላቅቂው» አሉኝ። ልጁ ሩጫውን ይወደዋል። ላስቀረው?

መልስ፦ እሜቴ፣ ከሩጫ አያስቀሩት፤ ከሕመሙ ጋር መሮጡን ግን ዛሬውኑ ያስቁሙ። የሚያነክስ ልጅ አይሮጥም። ይህ የሚያከራክር ነገር አይደለም፣ አሠልጣኙ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖራቸው።

ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የተረከዝ ሕመም በጣም የተለመደ ነው። ተረከዝ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ የባት ጅማት ደግሞ እዚያው ይጎትተዋል። ሲሮጥና ሲዘል ይቆጣል፣ ሲያርፍ ይበርዳል። ጠዋት የሚሻለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያስጨንቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ዘላቂ ጉዳት አያመጣም፤ አጥንቱ አድጎ ሲጨርስ ይጠፋል። እስከዚያው ግን ሩጫና ዝላይ መቀነስ፣ ጫማው ውስጥ ተረከዝ ከፍ የሚያደርግ ለስላሳ ነገር ማስገባት፣ ባቱን በእርጋታ ማሳሳብ ይረዳዋል። ሐኪም ይየው፤ በተለይ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰው አይቆዩ።

አሠልጣኙን እንደገና ያነጋግሩ፣ ግን «ልጄን ጎዱብኝ» ብለው አይጀምሩ። እንዲህ ይበሉ፦ «ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት እንዳይሮጥ ብሏል፣ በዚህ ጊዜ ከቡድኑ ጋር ሆኖ ምን መሥራት ይችላል?» ብዙ አሠልጣኝ የሚደርቀው ልጁ ሊሄድበት ነው ብሎ ሲያስብ ነው። አብሮ መፍትሔ እንዲፈልግ ሲጠየቅ ይለሰልሳል። ካልለሰለሰ፣ የሐኪሙን ወረቀት አይቶም «ሩጥ» ካለው፣ ያን ጊዜ ያስወጡትና ለርዕሰ መምህሩ ይንገሩ። ሜዳው ሌላ ቦታም አለ።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። 1500 እና 3000 እሮጣለሁ፤ ጎበዝ የምባል አይደለሁም፣ መሃል ላይ ነኝ። አሠልጣኛችን በየሳምንቱ በሁላችንም ፊት ይመዝነናል። «አምስት ኪሎ ብትቀንሺ ከፊተኞቹ ጋር ትሆኛለሽ» ስላለኝ ምግብ ቀነስኩ፣ መጀመሪያ ሰዓቴ ተሻሻለ። አሁን ግን ይደክመኛል፣ እግሬን ያመኛል፣ የወር አበባዬም አራት ወር ሆነው ከቀረ። አንዷ ጓደኛዬ «ሯጭ ሲሆኑ እንደዚያ ነው» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም የኔ እህት። ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። የወር አበባ ለሦስት ወር በተከታታይ ከቀረ ሐኪም ማየት አለበት፣ ሯጭም ብትሆኚ። አንቺ ያንን አልፈሻል፤ እግርሽንም እያመመሽ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሂጂ፣ እስከዚያ አትሩጪ።

እየሆነ ያለው ነገር ይህ ነው። የምትበዪው ለሩጫሽ እንኳ አይበቃም፣ ለቀሪው ሰውነትሽ የሚተርፍ የለም። ሰውነት ኃይል ሲያጥረው «ለጊዜው ይቆይ» የሚለውን ይዘጋል፣ የወር አበባ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እሱን የሚያስመጣው ሆርሞን ግን አጥንትንም ይጠብቃል፤ አንቺ ደግሞ አጥንት በምታከማቺበት ዕድሜ ላይ ነሽ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ስም አውጥቶ አሠልጣኞች እንዲያውቁት አድርጓል፤ ወንዶችንም ያገኛል። መጀመሪያ ላይ ሰዓትሽ መሻሻሉ አያታልልሽ። ክብደት ሲቀንስ ለጥቂት ሳምንታት የሚፈጥን ሰው አለ፣ ሒሳቡ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሜሪ ኬይንን ታውቂያት ይሆናል። በ2013 ገና በ17 ዓመቷ በሞስኮው የዓለም ሻምፒዮና 1500 ሜትር ፍጻሜ የገባች አሜሪካዊት ናት። በ2019 በአደባባይ እንደተናገረችው ክብደት እንድትቀንስ ይጫኗት ነበር፣ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት ቀረ፣ አምስት አጥንቶቿም ተሰበሩ። እሷ ያንን ሁሉ ተሰጥኦ ይዛ ካልቻለችው ማንም አይችለውም።

አሠልጣኝሽን በሚመለከት፦ ልጆችን በሰው ፊት መመዘን ምንም የሚያስገኘው ነገር የለም፣ ነውርም ነው። ሚዛኑ ላይ አልወጣም ማለት መብትሽ ነው። ብቻሽን እንድትጋፈጪው ግን አልመክርሽም። እናትሽን፣ ታላቅ እህትሽን ወይም የምታምኛትን መምህርት ይዘሽ ሂጂ፣ እነሱ ይናገሩ። አምስት ኪሎ የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳመጣውም ይጠይቁት፤ መልስ የሚኖረው አይመስለኝም።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ እነዚህን ጽፈሽ ያዢ፦ የወር አበባ መጨረሻ ያየሽበትን ቀን፣ ምግብ ከመቀነስሽ በፊትና አሁን ያለሽን ክብደት፣ በሳምንት ስንት ቀንና ስንት ደቂቃ እንደምትሮጪ፣ እግርሽን የሚያምሽ የቱ ጋ እንደሆነና ሌሊት ይቀሰቅስሽ እንደሆነ። አፍረሽ አንዱንም እንዳታስቀሪ፣ በተለይ ስለ ምግቡ።